ሳያዩ ማከም፦ የማህፀን በር ካንሰር ሳይታወቅ ሲቀር ታካሚዋ በሕግ ምን መጠየቅ ትችላለች?

«ኢንፌክሽን ነው።» ደሴም ይሁን ኮምቦልቻ፣ ከወር አበባዋ ውጭ ደም የሚፈስሳት ወይም ሽታ ያለው ፈሳሽ ያስቸገራት ሴት ጤና ተቋም ስትሄድ ብዙ ጊዜ የምትሰማው መልስ ይህ ነው። ብዙ ጊዜም እውነት ነው። ኪኒኑን ትወስዳለች፣ ይሻላታል። ነገሩ የሚበላሸው ሳይሻላት ሲቀር ነው። ተመልሳ ትሄዳለች፤ ሌላ ኪኒን ይታዘዝላታል። በሦስተኛው ክሊኒክ ትቀይራለች፤ እዚያም ከዜሮ ይጀመራል። የማህፀኗን በር አንድ ሰው እንኳ በዓይኑ ሳያየው ወራት ያልፋሉ። አንዳንዴም ዓመት።

መጨረሻ ላይ ካንሰር መሆኑ ሲነገራት ቤተሰቡ «ያኔ ለምን አልነገሩንም?» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «መክሰስ ይቻላል ወይ?» የሚለው ይነሳል። ይቻላል። ነገር ግን ፍርድ ቤት ሐኪሙ መሳሳቱን ብቻ ሰምቶ አይፈርድም። ማየት የነበረበትን አይቶ ነበር ወይ፣ መጠየቅ የነበረበትን ጠይቆ ነበር ወይ የሚለውን ያጣራል። አይቶ የተሳሳተና ጭራሽ ያላየ በሕግ ፊት እኩል አይደሉም። ይህን ልዩነት ያልያዘ ቤተሰብ ጉልበቱንም ገንዘቡንም በማያዋጣ ክስ ላይ ሊጨርስ ይችላል።

በመጀመሪያ ስለ በሽታው። የማህፀን በር ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከጡት ካንሰር ቀጥሎ በብዛት የሚታይ ነው። በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የ2020 እ.ኤ.አ. ግምት መሠረት በዓመት ከ7,000 በላይ ሴቶች በአዲስ ይያዛሉ፤ ከ5,000 በላይ ይሞታሉ። መነሻው ኤች.ፒ.ቪ. የሚባለው በግንኙነት የሚተላለፍ ቫይረስ ነው። ከቫይረሱ ዓይነቶች ውስጥ 16 እና 18 የተባሉት ብቻ ወደ 70 በመቶ ለሚሆነው ካንሰር ምክንያት ናቸው። ብዙዎቻችን በሕይወታችን አንድ ጊዜ ቫይረሱ ይይዘንና ሰውነታችን ራሱ ያጠፋዋል። ሳይጠፋ የቆየባት ሴት ግን የማህፀን በሯ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይለወጣሉ።

ቀስ በቀስ የሚለው ቃል እዚህ ትልቅ ክብደት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የመከላከል አቅሟ ደህና በሆነ ሴት ላይ ይህ ለውጥ ካንሰር እስኪሆን ከ15 እስከ 20 ዓመት ይፈጃል። ኤች.አይ.ቪ. በደሟ ያለና ሕክምና ያልጀመረች ሴት ላይ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዝግ ብሎ የሚሄድ ካንሰር ብዙ አይደለም። ለመያዝ ረጅም ዕድል ይሰጣል። ሴትዮዋ ራሷ እግሯን አንስታ፣ ምልክቱን ተናግራ፣ ገንዘቧን ከፍላ ከሄደች በኋላ ሲያልፋት ነው እንግዲህ ነገሩ አንጀት የሚቆርጠው።

እንዴት ነው የሚያልፈው?

አንዱና ዋናው መንገድ በምልክት ብቻ ማከም ነው። ፈሳሽ አለኝ ያለችን ሴት ላብራቶሪ ሳይጠበቅ ፈሳሽ ሊያመጡ የሚችሉ ተላላፊ በሽታዎችን በአንድ ላይ የሚያጠፋ መድኃኒት መስጠት በአገራችን የታወቀ አሠራር ነው። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ላብራቶሪ በሌለበት ጤና ጣቢያ ብዙ ሴቶችን ጠቅሟል። ግን አሠራሩ አንድ ግዴታ ያዘለ ነው፦ መድኃኒቱን ጨርሳ ያልተሻላት ሴት በደንብ መመርመር ወይም ወደሚቀጥለው ደረጃ መላክ አለባት። ያንኑ መድኃኒት ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ መድገም የአሠራሩ አካል አይደለም። ከግንኙነት በኋላ ደም የሚፈስሳት ሴት ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ነው መታየት ያለባት። ካረጠች በኋላ ደም ያየች ሴትም እንዲሁ። «የማረጥ ጣጣ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ደም አይደለም።

ማየት ሲባል ስፔኩለም በሚባለው መሣሪያ የብልቷን ግድግዳ ከፍቶ የማህፀኑን በር በብርሃን መመልከት ማለት ነው። ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። የገፋ ካንሰር ብዙውን ጊዜ በዚህ ብቻ ዓይን ውስጥ ይገባል። ለምን ይዘለላል? አንዱ ሐኪም የሚያየው ሰው ብዛት አለ። መጋረጃ የሌለው ክፍል አለ። ወንድ ባለሙያ ስለሆነ «ታፍራለች» ብሎ የሚተወው አለ። እሷም «ሴት ሐኪም ካልሆነች አልታይም» ልትል ትችላለች፤ በወሎ ይህ የሚያስገርም አይደለም፣ መከበርም አለበት። የመጨረሻው ምክንያት ግን በካርዱ ላይ መጻፍ አለበት። «ምርመራ ተነግሯት አልፈቀደችም» የሚልና ምንም የማይል ካርድ ፍርድ ቤት ሲደርሱ በጣም ይለያያሉ።

ሁለተኛው መንገድ አልትራሳውንድ ነው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም በደሴ ጎዳናዎች ላይ የክሊኒክ ማስታወቂያ ሁሉ አልትራሳውንድ የሚል ነው። ሴቶቻችንም «አልትራሳውንድ ታየሁ፣ ነፃ ነኝ» ብለው ተረጋግተው ይመለሳሉ። በሆድ ላይ የሚታየው አልትራሳውንድ እንቁላል ማምረቻን፣ እርግዝናን፣ ካንሰር ያልሆነውን የማህፀን እጢ ያሳያል። ገና የጀመረን የማህፀን በር ካንሰር ግን አያሳይም። ሕዋሳቱ ተለውጠው ገና ካንሰር ያልሆኑበትን፣ ቅድመ ካንሰር የሚባለውንማ ጭራሽ። እጢ ተገኝቶባት «ደሙ ከዚህ ነው» ተብላ የተመለሰች ሴት እጢውም ካንሰሩም በአንድ ላይ ሊኖሯት ይችላሉ። አንዱ መገኘቱ ሌላውን ከመፈለግ አያድንም።

የወሊድ መቆጣጠሪያም ሽፋን ይሆናል። መርፌና በክንድ የሚቀበረው ደም ማዛባታቸው የታወቀ ስለሆነ፣ ደም አስቸገረኝ ያለች ሴት «የመርፌው ነው፣ ይለምድሻል» ትባላለች። ሊሆን ይችላል። ሳያዩ ግን ማወቅ አይቻልም።

የማጣሪያ ምርመራው ራሱም ወሰን አለው። በሆስፒታሎችና በበርካታ ጤና ጣቢያዎች የሚሰጠው፣ ከ30 እስከ 49 ዓመት ላሉ ሴቶች የታሰበው ምርመራ ቀላል ነው። ከ3 እስከ 5 በመቶ አሴቲክ አሲድ፣ አቼቶ የምንለው ዓይነት ማለት ነው፣ በማህፀኑ በር ላይ ይቀባል። አንድ ደቂቃ ተጠብቆ ነጭ የሆነ ቦታ ካለ ይታያል። ውጤቱ እዚያው ይነገራል። ያረጠች ሴት ላይ ግን የሚፈለገው ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ምርመራው አያስተማምንም። ምልክት ያላት ሴትም በዚህ ብቻ «ነፃ ነሽ» ልትባል አይገባም። ማጣሪያ ለጤነኛ ሴት ነው። ደም የሚፈስሳት ሴት የሚያስፈልጋት ከጥርጣሬው ቦታ ናሙና ተወስዶ በፓቶሎጂስት፣ ማለትም ናሙናን በማይክሮስኮፕ በሚመረምር ሐኪም፣ መታየት ነው፤ ባዮፕሲ የሚባለው።

አንድ ሌላ ስህተት አለ፤ ብዙም አይወራበትም፣ ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ለእጢ ወይም ለደም መፍሰስ ተብሎ ማህፀን ይወጣል። የማህፀኑ በር አስቀድሞ አልታየም። በኋላ የወጣው ማህፀን ሲመረመር የተስፋፋ ካንሰር ይገኝበታል። ለካንሰር የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ከተራው ማህፀን ማውጣት በጣም የሰፋ ነው፤ ስለዚህ ሴትዮዋ በቂ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት ቀጣዩ ሕክምናዋ የተወሳሰበ ይሆናል። ከዚህም የባሰው የወጣው አካል ጭራሽ ሳይመረመር ሲጣል ነው። ማህፀኗ የወጣ ሴት ሁሉ «ፓቶሎጂ ተልኳል ወይ? ውጤቱስ?» ብላ መጠየቅ አለባት።

ሕጉ የት ላይ ይቆማል?

የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ አሁንም የምንሠራበት ነው። አንቀጽ 2028 በጥፋቱ ሌላውን የጎዳ ሰው ጉዳቱን እንዲክስ ያዛል። አንቀጽ 2031 ደግሞ ስለ ሙያተኛ ነው፦ ማንኛውም ሙያተኛ የሙያውን ደንብ መጠበቅ አለበት፣ በቸልተኝነት ወይም ግዴታውን ባለማወቅ የሙያውን ደንብ ከጣሰ ተጠያቂ ነው። ስለ ሕክምና ውል የሚናገረው አንቀጽ 2639 ሐኪሙ የሚገባው ግዴታ ለማዳን የሚቻለውን ማድረግ መሆኑን ያስቀምጣል። አድናለሁ ብሎ አልተዋዋለም ማለት ነው። አንቀጽ 2651 የሕክምና ተቋሙ በሚቀጥራቸው ሐኪሞችና ረዳቶች ጥፋት ለደረሰው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ኃላፊ ነው ይላል። ስለዚህ ነርሷን ወይም ወጣቱን ጠቅላላ ሐኪም ብቻ ለይቶ መክሰስ አያስፈልግም። ተቋሙ ራሱ ይጠየቃል። የመንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ላጠፋው ጥፋትም አንቀጽ 2126 መንግሥትን ወደ ተጠያቂነት ያመጣል።

እነዚህን አንቀጾች ወደ መሬት እናውርዳቸው። ባዮፕሲ ተወስዶ ናሙናው ካንሰሩ ካለበት ቦታ ሳይሆን ከጎኑ ቢነሳና «ነፃ» ቢባል፣ ሐኪሟም ከሦስት ወር በኋላ ቀጥሮ ቢያያት፣ ይህ የሚያሳዝን ስህተት ነው። ጥፋት ነው ለማለት ግን ይከብዳል። ደንቡን ተከትሏል። በአንጻሩ ከግንኙነት በኋላ ደም ይፈስሰኛል እያለች አራት ጊዜ የመጣች ሴት ካርድ ላይ አንድም የስፔኩለም ምርመራ፣ አንድም ሪፈር ከሌለ፣ ማንኛውም የማህፀንና ፅንስ ሐኪም ምስክር ሆኖ ቢቀርብ ይህ የሙያው ደንብ አይደለም ማለቱ አይቀርም። ክሱ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ግን ከባዱ ክርክር ይመጣል። የተከሳሽ ጠበቃ የመጀመሪያ መልስ የታወቀ ነው፦ «ካንሰሩን ሐኪሙ አላመጣባትም።» እውነት ነው፣ አላመጣባትም። ስለዚህ ከሳሿ ማስረዳት ያለባት ካንሰሩን ሳይሆን መዘግየቱ ያደረሰውን ነው። በመጀመሪያው ቀን ደረጃው ስንት ሊሆን ይችል ነበር? በታወቀበት ቀንስ? ቀድሞ ቢገኝ በቀዶ ሕክምና ያልቅ የነበረው ነገር አሁን ጨረርና ኬሞ የሚጠይቅ ሆኗል ወይ? ኩላሊቷ የተጎዳው ካንሰሩ የሽንት ቱቦውን ስለዘጋው ነው ወይ? ይህን የሚመልሰው የካንሰር ስፔሻሊስት ነው። ባለሙያ ሳይዙ ፍርድ ቤት መግባት ዳኛውንም ማስቸገር ነው። ከላብራቶሪና ከፓቶሎጂ ወረቀት ላይ ተነስቶ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል።

ወረቀት

በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ነገር ብቻ እንድትይዙልኝ ብለምን ወረቀታችሁን አትጣሉ እላለሁ። የካርድ ቁጥር፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ የላብራቶሪ ውጤት፣ የሪፈር ወረቀት፣ የከፈላችሁበት ደረሰኝ፣ ሁሉም ይያዝ። ማዘዣው ፋርማሲ ከመቅረቱ በፊት በስልክ ፎቶ ይነሳ። ለምን ይህን ያህል? የተደጋገመ ማዘዣ ብቻውን ታሪክ ይናገራልና። በአራት ቀኖች የተጻፉ አራት ተመሳሳይ ማዘዣዎች «ማንም አላየኝም» ከሚል ምስክርነት ይበልጣሉ።

በእኛ አካባቢ ይህ ሌላም ክብደት አለው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ሲያዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። የደሴው ትልቁ ሆስፒታል የደረሰበትን ሁላችንም አይተናል። ከዚያ በፊት የታከመች ሴት ካርዷ ላይገኝ ይችላል። ካርድ ክፍል «የለም» ካለ ጉዳዩ ሞተ ማለት አይደለም። እቤት የቀረው ማዘዣ፣ ሌላ ተቋም የጻፈው ሪፈር፣ አብራት የሄደች እህት ወይም ጎረቤት ምስክርነት ይቆጠራሉ። ካርዱ ካለ ደግሞ ከተቋሙ የሕክምና ማስረጃ በጽሑፍ መጠየቅ ይቻላል። ቢከለከልም ፍርድ ቤት ካርዱ እንዲቀርብ ማዘዝ ይችላል። ማመልከቻው ላይ ግልባጭ አስቀርቶ ማኅተም ማስመታት አይረሳ።

ባዮፕሲ የተወሰደባት ሴት ሌላ ማስረጃ አላት። ናሙናው በሰም ተደርጎ ብሎክ ሆኖ ይቀመጣል፤ ከሱ የተቆረጠው ስላይድም እንዲሁ። ብሎኩንና ስላይዱን ወስዶ ሌላ ፓቶሎጂስት ጋ ማስነበብ የተለመደ ነው። አዲስ አበባ ሪፈር የሚጻፍላቸው ብዙዎች ይዘው የሚሄዱትም ይህንኑ ነው። ሁለተኛው ንባብ የመጀመሪያውን ካፈረሰ፣ ለሕክምናም ለክስም ትልቅ ነገር ነው።

ይህ በተቃራኒውም ይሠራል። ካንሰር ሳይኖርባት «ካንሰር ነው» የተባለች፣ ማህፀኗ የወጣ ሴትም የስህተት ምርመራ ተጎጂ ናት። በአቼቶው ምርመራ ነጭ የታየው ሁሉ ካንሰር አይደለም። ቁስለትም፣ ኢንፌክሽንም ነጭ ሊያሳይ ይችላል። ቅድመ ካንሰር ቢሆን እንኳ ብዙውን ጊዜ በማቀዝቀዝ ወይም በሙቀት ተቃጥሎ በዚያው ቀን የሚታከም ነው። ማህፀን ማስወጣት የመጀመሪያው መልስ አይደለም። ልጅ የመውለድ ተስፋ ያላት ሴት ያለ ፓቶሎጂ ውጤት ማህፀኗ ቢወጣ ከላይ ያየናቸው አንቀጾች ለእሷም ይሠራሉ። እንዲያውም የጉዳቱ ምክንያት ቀዶ ሕክምናው ራሱ ስለሆነ ክርክሯ ይቀላል።

የት ነው የሚኬደው?

በመጀመሪያ ተቋሙ ራሱ ጋ። ማንም ሰው ፍርድ ቤት መሄድን የመጀመሪያው እርምጃ አድርጎ አይቁጠረው። አንዳንዴ ቤተሰቡ የሚፈልገው «ይህ ለምን ሆነ?» ለሚለው በቅንነት የተሰጠ መልስ ነው፤ መልሱም ከተገኘ እዚያ ያበቃል። አቤቱታው ግን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ይሁን።

ሁለተኛው የሙያ ቁጥጥር ነው። የጤና ባለሙያዎችን ጉዳይ የሚያይ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ። ካርዱን አስቀርቦ፣ ባለሙያውን ጠይቆ፣ የሙያ ጥፋት አለ ወይም የለም ይላል። ካለ ከማስጠንቀቂያ ጀምሮ ፈቃድ እስከ ማገድና መሰረዝ የሚደርስ እርምጃ ይከተላል። ካሳ ግን አይፈርድም። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ ኮሚቴው ጋ አመልክቶ ገንዘብ ሲጠብቅ ጊዜው ያልፍበታል። የኮሚቴው ውሳኔ ጥቅሙ ለማስረጃ ነው። ፖሊስና ዐቃቤ ሕግም ብዙ ጊዜ የሙያ አስተያየት የሚጠይቁት ከዚያው ነው።

ሦስተኛው ወንጀል ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን፣ በአንቀጽ 559 በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስን ይቀጣል። እንደ ሐኪምና ሾፌር ያለ፣ የሰውን ሕይወት የመጠበቅ ልዩ ግዴታ ያለበት ሰው ሲሆን ቅጣቱ ይከብዳል። ለሞት የሚሆነው ከአንድ እስከ አምስት ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ ነው። የተጎዳው ወገን የካሳ ጥያቄውን ከወንጀል ክሱ ጋር አያይዞ ማቅረብም ይችላል።

ይቻላል ማለት ግን ይሻላል ማለት አይደለም። እኔ በግሌ ለምርመራ ስህተት የወንጀሉን በር መጀመሪያ ማንኳኳት ተገቢ አይመስለኝም። ዐቃቤ ሕግ ጥርጣሬ በማያስገባ ሁኔታ ማስረዳት አለበት፤ በካንሰር መዘግየት ላይ ይህ እጅግ ከባድ ነው። ተከሳሹ ነፃ ከወጣ ደግሞ ቤተሰቡ ሁለት ጊዜ ይሰበራል። ሌላም አለ። በቀን ያን ሁሉ ሰው የሚያይ ባለሙያ እታሰራለሁ ብሎ ከፈራ፣ ያደረገውን በካርድ ላይ በግልጽ መጻፍ ይተዋል። ያ ለቀጣይዋ ሴት አደጋ ነው። የፍትሐ ብሔሩ መንገድ የሚጠይቀው ተቋሙን ነው። መጋረጃ ያልሰቀለው፣ መሣሪያ ያልገዛው፣ የሪፈር ሥርዓት ያልዘረጋውም ተቋሙ ነውና።

ሁለት ዓመት

ቀጥሎ ያለው ለብዙ ቤተሰብ የሚያመልጠው ነገር ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2143 የካሳ ክስ ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ ጀምሮ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት ይላል። አንዲት የኮምቦልቻ ሴት እናስብ። የ42 ዓመት ሴት ናት፤ ገበያ ላይ በርበሬና ቅመም ትሸጣለች። ጥር 2015 ዓ.ም. ደም ፈስሷት ክሊኒክ ሄደች። እስከ መስከረም 2016 ተመላልሳ በኢንፌክሽን ታከመች። ጥቅምት 2016 ደሴ ላይ ባዮፕሲ ተወሰደላትና ካንሰር መሆኑ ታወቀ። ሁለት ዓመቱ ከመቼ ይቆጠራል?

የተከሳሽ ወገን ከመጀመሪያው ቀን ነው ብሎ ይከራከራል፤ ያ ጥር 2017 ያበቃል። የሷ ጠበቃ ጉዳቱ የታወቀው ጥቅምት 2016 ነው ይላል፤ ያ እስከ ጥቅምት 2018 ያደርሳል። በመሃል እሷ ምን እያደረገች ነው? በሐርቡ፣ በከሚሴ፣ በሸዋ ሮቢት አድርጋ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዛ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ የጨረር ተራ እየጠበቀች ነው። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የነበረው እዚያ ብቻ ነበር፤ ዛሬ ሌሎች ቢጨመሩም ከወሎ የሚሄድ ሰው ዓይኑ አሁንም አዲስ አበባ ላይ ነው። ጨረሩን ጨርሳ፣ አገግማ፣ ስለ ክስ ለማሰብ ልቧ ሲመለስ ሁለቱ ዓመት አልቋል።

ሕጉ እዚህ ላይ ለሴቶቻችን የሚመጥን አይመስለኝም። ለመኪና አደጋ ሁለት ዓመት ይበቃ ይሆናል፤ ጉዳቱም ቀኑም ይታወቃል። ለዓመታት ተደብቆ ለሚያድግ በሽታ ግን መቆጠር ያለበት ሰውየው ካወቀበት ቀን እንደሆነ በግልጽ ሊጻፍ ይገባል። እስኪጻፍ ድረስ ከመጀመሪያው ቀን ቆጥሮ ቶሎ መንቀሳቀስ ነው። ሁለት መውጫዎች እንዳሉ ግን ጠበቃ ያማክሩ። ጉዳቱ የወንጀል ድርጊትም ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ፣ ማለትም ክስ የማቅረቢያው የጊዜ ገደብ፣ የሚረዝም ከሆነ፣ ረጅሙ ይሠራል። በክፍያ ከታከመችበት ተቋም ጋር የሕክምና ውል ነበራት ከተባለ ደግሞ በአንቀጽ 1845 መሠረት የውል ይርጋ አሥር ዓመት ነው። በተለይ በግል ክሊኒክ የታከመች ሴት ክሷን በውል ላይ ማቆም ይቻል እንደሆነ ጠበቃዋን ሳትጠይቅ «አልፎብኛል» ብላ አትተወው።

ስንት ይከፈላል?

ለቁሳዊ ጉዳት፣ ማለትም ለሕክምና፣ ለትራንስፖርት፣ ለማደሪያ፣ ለአስታማሚ፣ ለቀረባት ገቢ፣ መርሑ ጉዳቱን ያህል መካስ ነው። የበርበሬ ነጋዴዋ ደመወዝ የላትም፤ የገቢ ማስረጃ ከየት ታመጣለች? ለዚህ አንቀጽ 2102 ይረዳታል። ጉዳቱን በትክክል መተመን ካልተቻለ ዳኛው በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ብሎ ባመነበት መጠን፣ ይቆርጣል። ምስክር አቅርባ በሳምንት ምን ያህል ታገኝ እንደነበር ማስረዳት በቂ መነሻ ነው።

ለሕሊና ጉዳት፣ ማለትም በገንዘብ ለማይለካው ሥቃይና ሐዘን፣ ግን ሕጉ በአንቀጽ 2116 የ1,000 ብር ጣሪያ አስቀምጧል። በ1952 ዓ.ም. ይህ ገንዘብ ነበር። ዛሬ ከደሴ አዲስ አበባ ሄዶ ጥቂት ቀን ለማደር አይበቃም። ማህፀኗን ላጣች፣ ሽንቷን መቆጣጠር ላልቻለች፣ ልጆቿን ለማን እንደምትተው እያሰበች ለምታድር ሴት 1,000 ብር መቁረጥ ዳኛውንም የሚያሳፍር ነው። ይህ ቁጥር መለወጥ አለበት፤ የሚለውጠውም ሕግ አውጪው ነው። እስከዚያው ክሱ ሲጻፍ ኃይሉን ቁሳዊ ጉዳቱ ላይ ማድረግ ይሻላል። የወደፊት ሕክምናም፣ እርግጠኛ እስከሆነ ድረስ፣ ይካተታል።

ታካሚዋ ካረፈች መብቱ አብሯት አይቀበርም። አንቀጽ 2095 ባሏ፣ ወላጆቿና ልጆቿ በራሳቸው ስም ለደረሰባቸው ቁሳዊ ጉዳት ካሳ እንዲጠይቁ ይፈቅዳል። ለቅሶው እስኪያልፍ፣ ሰደቃው ወይም ተዝካሩ እስኪወጣ መጠበቅ ባህላችን ነው። ወረቀቶቿን ግን በዚያ መሃል ማንም እንዳይጥላቸው አንድ ሰው ይያዛቸው።

አሁን ምልክት ያላት፣ ገና እየታከመች ያለች እህት ይህን ብታነብ ክስ ሳይሆን ቀጣዩ ቀጠሮ ነው የሚያስፈልጋት። ሐኪሟን ሦስት ነገር ትጠይቀው። «የማህፀኔን በር አይተኸዋል? ካልተሻለኝ ቀጥሎ ምንድነው የሚደረገው? ሪፈር የምትጽፍልኝ መቼ ነው?» ይህን መጠየቅ ሐኪምን መዳፈር አይደለም። ጥሩ ሐኪም ደስ ብሎት ይመልሳል። ሴት ባለሙያ ከፈለገችም ትናገር፤ ብዙ ቦታ ይህን ምርመራ የምትሠራው ሚድዋይፍ ናት። ቤት ውስጥ የ14 ዓመት ልጅ ካለች ደግሞ የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ እየተሰጠ ነው፤ በ2017 ዓ.ም. ዘመቻ ከ9 እስከ 14 ዓመት ያሉትንም አካቷል።

መክሰስ ፈልጋ የዳኝነት ገንዘብ የሌላት ሴትስ? የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ክፍያ ሳይከፍሉ በደሃ ደንብ መክሰስን ይፈቅዳል። ማመልከቻው ላይ ያላትን ንብረት ዘርዝራ ታቀርባለች፤ ፍርድ ቤቱ አቅም እንደሌላት ካመነ ክሱ ያለ ክፍያ ይከፈታል። ከቀበሌ የድህነት ማስረጃ ቀድሞ ማውጣት ነገሩን ያቀልላል። ለጠበቃ ደግሞ ነፃ የሕግ ድጋፍ መስጠት የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች የተለመደ ሥራ ስለሆነ፣ ደሴ ላይ ወሎ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ሄዶ መጠየቅ ጥሩ መነሻ ነው። ሲኬድ ማዘዣዎቹን፣ የባዮፕሲ ውጤቱንና ሪፈሩን በቀን በቀን ደርድሮ መያዝ ነው። ጠበቃው መጀመሪያ የሚያየው የመጀመሪያው ቀጠሮ የተያዘበትን ቀን ነው።